የኦቻላ ሁለት ስሞች

አኬሎ አያቷን የምታውቀው በደግነቱ ብቻ ነበር። አባቷ በወባ የሞተው እሷ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ እናቷም ብዙ አልቆየች። አያቷ ኦቻላ ዓሣ አጥምዶ፣ ባሮ ወንዝ ዳር በቆሎ ዘርቶ፣ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል አደረሳት። በሰፈራቸው በኦሚኒንጋ ጎረቤት ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራው እሱ ነው። ሰው ሲሞትም መጀመሪያ ዶማ አንሥቶ መቃብር የሚቆፍር እሱ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ጀርባው ግን አልጎበጠም።

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ነበራቸው። ክበቡን የሚመራው ቲቸር አሸብር ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ" ብሎ ነበር፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሙቀቱን ግን እስከዛሬ አልለመደውም፤ ፎጣ ከአንገቱ አይለይም። "አባቴ አሸብር ያለኝ ጠላት እንዲርድልኝ ነበር፤ እስካሁን ዶሮ እንኳ አላስደነገጥኩም" እያለ ያስቃቸዋል።

አንድ አርብ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ተቀመጠና እንዲህ ሲል ጀመረ።

"ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው። ከእንግሊዝ በስተሰሜን ስኮትላንድ የምትባል አገር አለች። ከአገሩ መኳንንት አንዱ እንግሊዞችን ተዋግቶ ተማረከ፤ ለንደን ወስደው አሠሩት፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ርስቱን ለአንድ እንግሊዛዊ ጌታ ሰጡበት። ልጁ ጄምስ ዳግላስ ይባላል። ጎረመሰና ወደ አገሩ ሲመለስ አባት የለው፣ ቤት የለው። በዚያ ጊዜ ሮበርት ብሩስ የሚባል ያገሩ ሰው ንጉሥ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ነበርና ሄዶ ለሱ አደረ።

"በሆሳዕና ዕለት፣ የአባቱን ግንብ የያዙት የእንግሊዝ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሳለ፣ ጥቂት ሰው አስከትሎ ወደቀባቸው። ገሚሱን ገደለ፣ ገሚሱን ማረከ። ከዚያ ወደ ግንቡ ወጣ። ለወታደሮቹ የተሠራ ምሳ ነበር፤ ተቀምጦ በላ። በልቶ ሲያበቃ የጓዳውን ዱቄት፣ እህልና ወይን መሬት ላይ ደፋው፤ ምርኮኞቹን እዚያው ላይ አረዳቸው፤ የጉድጓዱን ውኃ በጨውና በፈረስ ሬሳ አበላሸው፤ ቤቱን በእሳት ለቀቀው። የገዛ አባቱን ቤት! ሌላ ሰው እንዳይኖርበት ብሎ። ያን ቀን እስከዛሬ 'የዳግላስ ጓዳ' ይሉታል።

"ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ድንበር እየተሻገረ ተዋጋ። የእንግሊዝ እናቶች ልጅ አልተኛ ሲላቸው በስሙ ያስፈራሩ ነበር ይባላል። እንግሊዞች 'ጥቁሩ ዳግላስ' አሉት። ያገሩ ሰዎች ደግሞ 'ደጉ ጌታ ጄምስ' ይሉታል።"

ስቴፈን የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ሰውየው ፈረንጅ አይደለም እንዴ? ጥቁር እንዴት ይሉታል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሸብርም ፈገግ አለ። "ጠጉሩ ጥቁር ነበር ይላሉ። ጠላቶቹ ግን ሥራውን ማለታቸው ነው። ደግሞ ክፉውን ሁሉ ጥቁር ማለት የፈረንጅ አመል ብቻ እንዳልሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን።" ሳቁ ቆመ።

"ንጉሡ ሊሞት ሲል ዳግላስን ጠራው። 'ኢየሩሳሌም ልሄድ ተስዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስሞት ልቤን አውጥተህ አንተ አድርስልኝ' አለው። ዳግላስም ልቡን በብር ዕቃ ከትቶ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ባሕር ተሻገረ። ግን አልደረሰም። ስፔን ላይ ጦርነት ገብቶ ሞተ። የሱን አጥንትና የንጉሡን ልብ ወደ አገራቸው መለሷቸው። ዘሮቹ እስከዛሬ ጋሻቸው ላይ ልብ ይስላሉ።" አሸብር ላቡን ጠረገ። "እንግዲህ ጥቁሩ ነው ወይስ ደጉ?"

ደወል እስኪደወል ተከራከሩ። አልተስማሙም። አሸብርም ሲያሰናብታቸው "ለሚመጣው አርብ እያንዳንዳችሁ ከየሰፈራችሁ የአንድ ሰው ሕይወት ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል" አላቸው።

አኬሎ የአያቷን ጻፈች። እሱ ስለ ወጣትነቱ አይናገርም፤ የነገራት አጎቷ ኦቻን ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል ኢታንግ አካባቢ ሕዝብ ለሕዝብ ተጋጭቶ ነበር። የኦቻላን አባት ገደሉት፤ የመንደሩን በቆሎ አቃጠሉት። ኦቻላ ግን ወንዙን ተሻግሮ የአባቱን ደም መለሰ፤ ያን ዓመት ሙሉም ሕዝቡ ዓሣ እንዲያጠምድ ዳርቻውን ጠብቆ ከረሃብ አዳነው። ግራኝ ነበር፤ ዒላማ አይስትም። አኬሎ ርእሱን "ደጉ ግራኝ ኦቻላ" ብላ ጻፈችው።

ክበቡ ፊት ቆማ ስታነብ ድምፅዋ በኩራት ሞላ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ፣ ሁለት ዓመት አብራት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ኛኪየር ደብተሯን ዘጋች። ብድግ አለች። ወጥታ ሄደች።

አኬሎ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ጠብቃ ያዘቻት። "ምን አደረግሁሽ?" አለቻት።

አኬሎ አኝዋሃ፣ ኛኪየር ኑዌር ናቸው፤ ያኔ የተጋጩት ሁለቱ ሕዝቦች፤ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። "ታናሽ ወንድሜ አልተኛም ሲል እናቴ ምን እንደምትለው ታውቂያለሽ?" አለች ኛኪየር። "'ግራኙ ኦቻላ ይመጣል' ነው የምትለው። እኔንም እንደዚያ እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ሰው አይመስለኝም ነበር፣ አኬሎ። ጅብ ነገር ነበር የሚመስለኝ።"

"እሱ እኮ አያቴ ነው" አለች አኬሎ።

"ቤታችንን ያቃጠለው እሱ ነው። ሆት የሚባል አጎት ነበረኝ፣ የእናቴ ወንድም፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ሴት አያቴ በር በሩን እያየች ሞተች።"

የዚያን ቀን አኬሎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኦቻላ ደጅ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። አጠገቡ ቁጭ አለች። በቀጥታ መጠየቅ አልሆነላትም። ስለዚህ የዳግላስን ታሪክ በአኝዋሃ ቋንቋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ የእስር ቤቱን፣ የጓዳውን፣ የልቡን። አያቷ እጁ ሳይቆም አዳመጠ።

"ያቃጠለባቸው ሰዎች ዘንድ ተመልሶ ሄዶ ያውቃል?" ሲል ጠየቃት።

"ለመዋጋት ካልሆነ የሄደ አይመስለኝም።"

"የንጉሡን ልብ ግን ባሕር አሻግሮ ወሰደ።"

"አዎ።"

"ሩቅ መሄድ ይቀላል" አለ ኦቻላ።

ያን ጊዜ አኬሎ የኛኪየርን ነገር አወጣችው። ሆት የሚለውን ስም ስትጠራ የመረቡ መርፌ ከእጁ ወደቀ። አላነሣውም።

"ስሙ ሆት ነበር?" አለ። "ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስሙን አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። አባቱን ገድለው ባሮ ውስጥ ጥለውት ነበር፤ ኦቻላ አምስት ቀን በጀልባ ፈልጎ አጣው። ወንዙ የቀበረውን ማን ያወጣዋል? ቂሙ አላስተኛ አለው። ስምንት ሰዎች ይዞ ተሻገረ። እሑድ ጠዋትን የመረጠው ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ስለሚሆን ነው፤ ቤትና ጎተራ ለማቃጠል እንጂ ሰው ለመግደል አላሰበም፤ ቢያንስ ለራሱ ያለው እንደዚያ ነበር። ቤቱ ሲቀጣጠል አንድ ወጣት ነጠላ አገልድሞ ወባ እያንቀጠቀጠው ወጣ። በእጁ ዱላ ነበረ። ኦቻላ ተኮሰ።

"ጓደኞቼ ወደ ጀልባው ሲሮጡ እኔ ቀረሁ" አለ። "አሞራው መዞር ጀምሮ ነበር። አባቴ ትዝ አለኝ። ጎትቼ ወሰድኩት፤ በገዛ እጄ ቆፍሬ ቀበርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለኛ ሰዎች ብናገር ይስቁብኛል፤ ለነሱ ብናገር ይገድሉኛል።" ወደ አኬሎ ዞረ። "የልጅቷ እናት ታዲያ እህቱ ናት?"

"እህቱ ናት። ኒውላንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት።"

"የት እንዳለ አውቃለሁ በያቸው።"

አጎቷ ኦቻን ይህን ሲሰማ ነደደ። "አብደሃል?" አለ አባቱን። "በገዛ አፍህ 'እኔ ነኝ' ብለህ ልትሄድላቸው ነው? ነገ ደም ፈላጊ ደጃፋችን ይቆማል! የደረቀ ቁስል ለምን ትልጣለህ?"

"ለነሱ አልደረቀም" አለ ኦቻላ።

"እኔስ? ልጆቼስ?"

ኦቻን ያን ሳምንት አባቱን አላናገረውም፤ አኬሎንም እንደዚያው።

አኬሎ ነገሩን ለቲቸር አሸብር ስትነግረው የያዘውን ጠመኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። "እኔ እኮ የሩቁን ያመጣሁት የቅርቡን ላለመንካት ነበር" አለ። ፈርቶ ይሁን አፍሮ አላወቀችም። ከዚያ ግን ፎጣውን አንገቱ ላይ አጥብቆ ተነሣ፤ ራሱ ኒውላንድ ድረስ ሄዶ የኛኪየርን እናት ኛሬአትን አነጋገራት። ሦስት ጊዜ ሄደ። ሁለት ጊዜ ከበር መለሱት። በሦስተኛው ኛሬአት "ትምህርት ቤት ከሆነ እመጣለሁ፤ ቤቴን ግን ሰውየው እንዳይረግጥ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ኛሬአት ከባሏ ወንድምና ከኛኪየር ጋር መጣች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ልብስ ትሸጣለች። ከመቀመጧ በፊት ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና በኑዌር ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ኛኪየር ወደ አማርኛ መለሰችው።

"'እሱ ነው? ረጅም መስሎኝ ነበር' እያለች ነው።"

ኦቻላ አማርኛው አይፈታለትም፤ ኛሬአትም ልጇ እንደምታስበው ከገበያ ክርክር ያለፈ አማርኛ የላትም። ስለዚህ እሱ በአኝዋሃ ይናገራል፤ አኬሎ ወደ አማርኛ ታመጣዋለች፤ ኛኪየር ደግሞ ከአማርኛ ወደ ኑዌር ታሻግረዋለች። ቲቸር አሸብር ራቅ ብሎ ቆሟል። የባሏ ወንድም አልተቀመጠም።

መጀመሪያ ቀላሉን ተናገረ፦ ዘመኑን፣ መንደሩን፣ አባቱን። አኬሎ ተረጎመች፤ ኛኪየር ተቀበለች። ኛሬአት ፊቷ ድንጋይ ነበር። ስለ አባቱ ሲነሣ ብቻ "የኛም አባት በዚያው ዓመት ነው የሞተው" አለች፤ ቃሉ በሁለቱ ልጆች አፍ አልፎ ኦቻላ ጋ ሲደርስ ራሱን ዝቅ አደረገ።

ከዚያ ዋናው መጣ። ኦቻላ በአጭሩ ተናገረውና ልጅቷን አያት። አኬሎ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። "እሱ ገደለው" ልበል ወይስ "እኔ ገደልኩት"? የራሷ አያት ነው። እናቱ የምትጠብቀው ልጅ፣ ነጠላ ያገለደመው ልጅ፣ ዓይኗ ላይ ቆመ። አያቷ ይጠብቃል።

"ወንድምሽን እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች አኬሎ፣ እንባዋ እየወረደ። "ወባ ይዞት ነበር። በእጁ ዱላ ብቻ ነበረ። አየሁት፤ አይቼም ተኮስኩ።"

አሁን ተራው የኛኪየር ነበር። ኛኪየር እናቷን አየች፣ ጓደኛዋን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። እናቷ እጇን አነሣች።

"አትድገሚው" አለች ኛሬአት፣ በአማርኛ። "ሰማሁ።"

የባሏ ወንድም አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። አሸብር ሳያስበው ሁለት ተራመደ። ኛሬአት ግን ዘወር ሳትል በቋንቋዋ አንዲት ቃል ተናገረች፤ ሰውየው ቆመ። ከዚያ ሽማግሌውን በቀጥታ ተመለከተችው። አስተርጓሚ አልጠበቀችም።

"የት ነው?" አለች።

ኦቻላ ይህን አማርኛ ለመረዳት አልተቸገረም። "ልውሰድሽ" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በኢታንግ ሚኒባስ ሄዱ። ኦቻላና አኬሎ ከፊት፣ ኛሬአትና ኛኪየር ከኋላ፣ አሸብርና የኛሬአት ባል ወንድም መካከል ተቀመጡ። ኢታንግ ላይ ወርደው አንድ ሰዓት ያህል በሣር ውስጥ ተጓዙ። የድሮው መንደር የለም። ቤት የነበረበት ቦታ ቁጥቋጦ ውጦታል፤ ባሮም በየክረምቱ ዳርቻውን ሲበላ ኖሯል።

ኦቻላ ቆመ። ግራ ቀኝ አየ። "አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር" አለ። ዛፍ የለም። ወደ ወንዙ ሄደ፤ ተመለሰ። አንድ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ በሌላው አየ። የኛሬአት ባል ወንድም "ይዋሻል" ሲል ኛኪየር ለማንም አልተረጎመችውም፤ ሁሉም ግን ገባቸው።

"ኩይሳ ነበር" አለ ኦቻላ ለራሱ ያህል። "በኩይሳና በዛፉ መካከል ነው።" ኩይሳውን አገኘ፤ ዝናብ በልቶት ከጉልበት አይበልጥም። ከዚያ ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ሄደና ተንበረከከ። ሣሩን በእጁ ነጨ። አሸብር ሊያግዘው ጎንበስ ሲል በክርኑ ገፋው። ቆፈረ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጥፍሩ ድንጋይ ነካ።

"ጅብ እንዳያወጣው ከተቃጠለው ቤት አምጥቼ ከላይ ያደረግሁበት ነው" አለ።

አፈሩ ሲጠረግ የወፍጮ ድንጋይ ሆነ፤ መካከሉ በእጅ ብዛት ጎድጉዷል፤ አንድ ጠርዙ ተሰብሯል። ኛሬአት አየችውና ጮኸች። አኬሎ እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። ሴትየዋ መሬት ላይ ተዘርግታ የተሰበረውን ጠርዝ ደጋግማ ደባበሰችው።

"የሴት አያቴ ወፍጮ ነው" አለች ኛኪየር በሹክሹክታ። "እናቴ ልጅ ሆና ነው የሰበረችው፤ ተገርፋበታለች። ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።"

የኛሬአት ባል ወንድም ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ በታች አልቆፈሩም። ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ደርሳ ኛሬአት አልተነሣችም፤ ማንም ተነሺ አላላትም። በመጨረሻ ፊቷን በመቀነቷ ጠርጋ ቀና አለች። ኦቻላ አሁንም ተንበርክኳል። በኑዌር ተናገረች፤ ኛኪየር ቃል በቃል አመጣችው፤ አኬሎ ለአያቷ መለሰችለት።

"ከዛሬ ጀምሮ ስምህን ልጅ ማስፈራሪያ አላደርገውም። ይቅርታው ግን የእናቴ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሞታለች። እኔ የሷን ልሰጥህ አልችልም።"

ኦቻላ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በላይም አልጠየቀም።

የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ከዚያ በኋላ ተገናኙ። ኦቻን የፈራው አልሆነም፤ ነገሩ ግን በአንድ ቀንም አላለቀም፤ ከረሙበት። ኦቻን ከአባቱ ጋር የታረቀውም ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ልጃገረዶች እንደገና አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብለው፣ ኋላ እየተነጋገሩ። ቲቸር አሸብር ያን ዓመት ክበቡ ውስጥ ሌላ የጽሑፍ ሥራ አልሰጠም። አንድ ቀን ስቴፈን "ስለ ዳግላስ ሳንወስን ቀረን እኮ" ቢለው "እኔም አልወሰንኩም" ብሎ አለፈው።

የኛሬአት ቤተ ሰብ በጥር ወር ለሆት ለቅሶ ተቀመጠ፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ። መጋቢያቸውን፣ ዘመድ አዝማዳቸውን ይዘው እዚያው መቃብሩ ድረስ ሄዱ። ኦቻላ አልተጠራም። ቢሆንም ቀኑን ከኛኪየር ሰምቶ አኬሎን ይዞ ሄደ፤ ግን በማዶ። ከመቃብሩ ትይዩ ጀልባውን አስጠግቶ አሸዋው ላይ ወርዶ ቆመ።

በጋ ስለነበር ባሮ ጎድሏል፤ ድምፅ በውኃው ላይ ጥርት ብሎ ይሻገራል። ሰዎቹ ትናንሽ ሆነው ይታያሉ፤ ነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ከበሮ። አኬሎ ኛኪየርን ለመለየት ብትሞክር አልቻለችም።

"ምን እያሉ ነው የሚዘምሩት?" አላት ኦቻላ።

"ኑዌርኛ አልችልም።"

"እሺ" አለ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። እግሩ ሲዝል አየችና "ጀልባው ላይ ተቀመጥ" አለችው። እምቢ አለ። ክንዷን ስትዘረጋለት ግን ያዘው። በማዶ ከበሮው ቆሞ ሰዎቹ ወደ መንገዱ መመለስ እስኪጀምሩ ድረስ፣ አንዲት ረጅም ሴትም ለብቻዋ ቀርታ ወንዙን ወደነሱ በኩል ለረጅም ጊዜ አይታ እስክትሄድ ድረስ፣ ኦቻላ ቀጥ ብሎ ቆመ።